በቅርጫት ያለ ፈቃድ የበረረው የእናቴ ትንፋሽ

ለከተማችን የተገናኙ መሣሪያዎች ምዝገባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ካሉበት

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመላ ቤተሰብዎን፣ እንዲሁም በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ ዓይናቸውን ሳይከድኑ እኛን ሲጠብቁ የሚውሉትን የእነዚያን ትላልቅ ስክሪኖች ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሳንባዎስ እንደምን ከርሟል? ይህን መጠየቄ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። በእኛ ሕንፃ ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ ሳንባ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ አለን። አለን ስል ግን ይህን ደብዳቤ እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ ማለቴ ነው።

ከተማችን ስማርት ከተማ ትሆናለች በተባለ ጊዜ ከተደሰቱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ደስታዬ አልቀነሰም። ጥግ ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ የጣዩን ማንነት ሳያጣራ ክዳኑን አይከፍትም፤ በዚህም ምክንያት ቆሻሻው ሁሉ ውጭ፣ በነጻነት፣ በገንዳው ዙሪያ ተሰብስቧል። የመንገድ መብራቱም በሥሩ የሚያልፈው ሰው ስልክ ካልያዘ አይበራም፤ ስልክ የሌለው ሰው የት እንደሚረግጥ ማየት ምን ያደርግለታል? እነዚህን የመሳሰሉ ውለታዎች ዘርዝሬ አልጨርስምና፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልመለስ።

እናቴ ከእኔ ጋር በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አስም አለባት። ልክ ከእኛ በረንዳ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ፤ በሥራ ዘመናቸው ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ተሳፋሪ በአንድ ርግጫ ከፊት ወንበር ያደርሱት ስለነበር ሰፈሩ “ጋሽ ፍሬን” ይላቸዋል። እሳቸውም አስም አለባቸው። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት በሳል ነው። አንድ ጠዋት እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ ደረቷ ሲያፏጭ ጋሽ ፍሬን ከታች አንጋጠው፣ “እትዬ፣ ያ ሞተር ሰርቪስ ካየ ብዙ ጊዜው ነው!” ቢሏት፣ እናቴ አጎንብሳ፣ “የእርስዎ ጭስ ማውጫ መቼ ጤና ሆነና ነው የሰው ሞተር የሚያዩት?” አለቻቸው፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ጸና።

ጋሽ ፍሬን ክሊኒኩ የሰጣቸው አንዲት የትንፋሽ ማሽን አለቻቸው። የጫማ ሣጥን ታክላለች፤ መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጋ በጭንብል ታስተነፍሳለች። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌላት በሰሙ ጊዜ አንድ ውል ተዋዋሉ፤ ጠዋት የእናቴ፣ ከሰዓት በኋላ የእሳቸው። ይሁንና ሁለቱም ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ደረጃ መውጣት ቢችሉማ ማሽኗ ምን ታደርግላቸው ነበር? ስለዚህ እኔ ከበረንዳችን ገመድ አወረድኩ፣ ከጫፉም ቅርጫት አሰርኩ። እናቴ የውሃ ቧንቧውን በማንኪያ አንዴ ስትመታ “ይላኩልኝ” ማለት ነው፤ ሁለቴ ስትመታ “ጨርሻለሁ፣ ተቀበሉኝ” ማለት ነው። እኔ ወደምሠራበት መስታወት ቤት ከመሄዴ በፊት ማሽኗን ስቤ አወጣታለሁ፣ መልሼም አወርዳታለሁ። ማሽኗ እንዲህ ማንንም ሳትነካ ስትወጣና ስትወርድ ሁለት አዛውንቶችን አኖረች።

ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ካሉት፣ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው።

አንደኛ፣ ግንኙነቷን በሚመለከት። ይህች ማሽን ከሶኬት በቀር ከማንም ጋር ግንኙነት አልነበራትም። ጽሕፈት ቤትዎ ግን የተገናኙ መሣሪያዎች በሕግ ሊገዙ ይገባል በሚል፣ በየቤቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሁሉ ሕግ እንዲገዛው አስቀድሞ እንዲገናኝ አዘዘ። ያልተገናኘውን አገናኝቶ ሲያበቃ “መገናኘቱ ያሰጋልና እንቆጣጠረው” ማለት የእኛ አእምሮ በቀላሉ የሚደርስበት ጥበብ አይደለም። ባለሙያዎችዎ መጥተው በማሽኗ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቺፕ ለጠፉ፤ በካውያው ላይ ለጠፉ፤ ጋሽ ፍሬን፣ “ይሄማ ከሞተ ቆይቷል” እያሉ ቢለምኗቸውም በአሮጌ ሬዲዮአቸው ላይ ለጠፉ፤ “ምናልባት ከተነሣ እንድናውቅ ነው” አሉ። ስለ አርቆ አሳቢነታችሁ እናመሰግናለን። ሬዲዮው እስካሁን አልተነሣም።

ሁለተኛ፣ በረራውን በሚመለከት። ያች ቺፕ የተለጠፈችበት ዕቃ የት እንዳለና ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለጽሕፈት ቤትዎ ትነግራለች ተብሏል፤ እውነትም አልዋሸችም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቧንቧውን መታች፣ እኔም ገመዱን መሳብ ጀመርኩ። የእርስዎ ስክሪን በዚያች ሰዓት ያየው፣ አንድ የተገናኘ መሣሪያ ከሕንፃው ግድግዳ ውጭ፣ በአየር ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ ነው። ደንባችሁ ከግድግዳ ውጭ በአየር ላይ የሚሄድ አንድ የተገናኘ ነገር ብቻ ያውቃል፤ እሱም ድሮን ነው። ቅርጫት የሚል ቃል በደንቡ ውስጥ የለም። ማሽኗ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ሳለች በጋሽ ፍሬን ስልክ ላይ፣ “ፈቃድ የሌለው በራሪ አካልዎ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ታግዷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን” የሚል መልእክት ገባ። ቅርጫቱን ስቀበል ማሽኗ ቀይ መብራት አብርታ ተቆልፋለች። ጋሽ ፍሬን ከታች፣ “ኧረ ምኑን ነው ያበረርኩት? እኔ ዕድሜ ልኬን መሬት ለቅቄ አላውቅም!” እያሉ ሲጮኹ እናቴ ጭንብሉን ፊቷ ላይ እንደያዘች ምንም የማይወጣበትን ቱቦ ትስብ ነበር። አዝያት ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። በመንገድ ላይ ጀርባዬ ላይ ሆና የምታሰማውን ፉጨት ለመግለጽ ቃል አጥሮኛል፤ በጆሮዎ ሰምተውት እንደማያውቁ ግን ከደንቡ አጻጻፍ ያስታውቃል።

ከዚያም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። የመሣሪያ ክፍሉ “የአየር ጉዳይ ነው” አለኝ፤ የአየር ክፍሉ “የመሣሪያ ጉዳይ ነው” አለኝ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ሥራ በእናንተ ዘንድ ያለ አንዳች ወረቀት በኮምፒዩተር እንደሚሠራ አይቼ አደነቅሁ። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ሠራተኛ ለማሽኗ የበረራ ፈቃድ መጠየቅ እንደምንችል አበሠረችኝ። ገመዱን የምስበው እኔ ስለሆንኩ አብራሪው እኔ ነኝ ብላት፣ ገመድ በመቆጣጠሪያ መሣሪያነት አልተመዘገበም አለችኝ፤ ስለዚህ አብራሪዋ ማሽኗን የምታስነሣው እናቴ ሆነች። አብራሪ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሳንባዋ ጤነኛ ስለመሆኑ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለባት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለመሳቅ ሞከረች፤ ትንፋሽ አጥሯት ተወችው።

ሦስተኛ፣ ብሎኑን በሚመለከት። ጽሕፈት ቤትዎ ርኅሩኅ ነውና በልመናችን ብዛት አንድ ተቆጣጣሪ ላከልን። ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ማሽኗን በተመዘገበችበት በጋሽ ፍሬን ክፍል ግድግዳ ላይ በብሎን አሰራት፤ በጋሽ ፍሬን አውራ ጣት ብቻ እንድትከፈት አደረጋት፤ “ከእንግዲህ አትበርም” ብሎንም ሄደ። እውነቱን ነው፣ አልበረረችም። በእሷ ፈንታ እናቴ መሄድ ጀመረች።

ሊፍት የላችሁም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለን። እሱም ከተገናኘ ወዲህ ተሳፋሪውን ሳያጣራ አይንቀሳቀስምና በአንደኛና በሁለተኛ ፎቅ መካከል ቆሞ እያጣራ ነው። ማንን እንደሚያጣራ አናውቅም፤ ውስጡ ሰው የለም።

ስለዚህ እናቴ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ትወርዳለች። ላዝልሽ ብላት፣ “ልጄ ከእንግዲህ ታዝዬ የምወጣው ከቤቴ አንዴ ነው፣ እሱን ደግሞ አንተ አታዝለኝም” ብላ እምቢ አለችኝ። እየተንፏቀቀች ትደርሳለች፣ ትንፋሿን ትቀበላለች፣ ከዚያ ወደ ላይ ስትመለስ የተቀበለችውን ሁሉ ደረጃው ላይ አራግፋ ትጨርሳለች፤ ከበራችን ስትደርስ ተመልሳ መውረድ ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ በራሱ የሚሽከረከር፣ መጨረሻ የሌለው አገልግሎት በየትኛውም ስማርት ከተማ ይገኛል ብዬ አላምንም። ጋሽ ፍሬን ማሽኗ በሁለቱ ፎቆች መካከል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትታሰር ብለው አመልክተው ነበር፤ ያ ቦታ የክፍል ቁጥር ስለሌለው ማሽኗ ቤት አልባ ትሆናለች ተባሉ። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጸጉር ሠሪ ደግሞ እናቴ ለጊዜው እታች ጋሽ ፍሬን ዘንድ ብትሰነብት ምን አለበት የሚል ሐሳብ አመጣች። እናቴ፣ “በዚህ ዕድሜዬ ለትንፋሽ ብዬ ስሜን ላጥፋ?” አለቻት። ጸጉር ሠሪዋም፣ “እትዬ ሙች፣ ስምስ የሚጠፋው እየተነፈሱ ሲኖሩ አይደለም እንዴ?” ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ እናቴ ለሦስት ቀን አላነጋገረቻትም፤ ለማኩረፍ የሚሆን ትንፋሽ ከየት እንዳመጣች አንድዬ ይወቅ።

በመጨረሻ የፈራነው ደረሰ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ስትመለስ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት በዚያው ቁጥር በሌለው ቦታ ላይ ትንፋሿ ተቆረጠ። ወደ ላይ መውጣትም ወደ ታች መውረድም አቅቷት ቁጭ አለች። ጋሽ ፍሬን ፉጨቷን ሰምተው ጭንብሉን ይዘው ብቅ አሉ፤ ቱቦው ግን ከደጃፋቸው አላልፍ አለ። አንድ ሽማግሌ በተወጠረ ቱቦ ጫፍ ላይ ቆመው ጭንብሉን ወደ ደረጃው ሲዘረጉ፣ አንዲት አሮጊት ከበላያቸው ተቀምጣ ያን ጭንብል ስታይ የሚያሳይ ሥዕል ቢያስፈልግዎ ጸጉር ሠሪዋ ያየችውን አትረሳምና ትነግርዎታለች። ጋሽ ፍሬን ተመልሰው ገቡ፣ ከአልጋቸው ሥር የድሮ መፍቻቸውን አወጡ፣ ብሎኖቹን ፈቱ፣ ማሽኗን ታቅፈው ወጡ። ማሽኗ ከግድግዳው እንደተላቀቀች ቀይ መብራቷን አበራች። ጸጉር ሠሪዋ እጇ በሳሙና እንደተለወሰ እናቴን በብብቷ ይዛ ባገኘችው መኪና ክሊኒክ ባታደርሳት ኖሮ፣ ዛሬ ለእርስዎ የምጽፈው ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር፤ ሰላምታም አይኖረውም።

አራተኛ፣ ምርመራውን በሚመለከት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጋሽ ፍሬን “የተመዘገበን መሣሪያ ከግድግዳ በመንቀል” ተጠረጠሩ። ያው ወጣት ተቆጣጣሪ ወፍራም ብሎኖችና ድሪል ይዞ ተመለሰ። ሁላችንም በጋሽ ፍሬን ክፍል ተሰበሰብን፤ እናቴም ከክሊኒክ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። የአሮጌ ሕንፃ ግድግዳ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ አቧራው ክፍሉን ሞላው። ልጁ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ድሪሉን አስቀመጠና ግድግዳውን ተደገፈ፤ ደረቱም ያችን እኛ ሁላችን የምናውቃትን ፉጨት ማሰማት ጀመረች። ለካ እሱም ከእኛው ወገን ኖሯል። ኪሱን ዳበሰ፤ የሚነፋውን መድኃኒት ቢሮ ረስቶታል።

ከሁላችን ቀድማ የተነሣችው እናቴ ናት። “ኧረ ልጁን አስተንፍሱት! ምን ታዩታላችሁ?” ብላ ጭንብሉን ራሷ አነሣች። ልጁም ከኪሱ አንድ ካርድ አውጥቶ ማሽኗን ነካት። አረንጓዴ መብራት በራ። ተነፈሰ።

የተከበሩ ሆይ፣ ነገሩን ልብ ብለው ይመልከቱልኝ። ማሽኗ ከግድግዳዋ ተነቅላ ጠረጴዛ ላይ ነበረች፤ የከፈታት የጋሽ ፍሬን አውራ ጣት አልነበረም፤ የተነፈሰባት ሳንባም ያልተመዘገበ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰማዩ አልወደቀም፤ የሕዝብ ደኅንነትም፣ በመስኮት ብቅ ብዬ እንዳየሁት፣ በቦታው ነበር።

እናቴ የልጁ ከንፈር ወደ መልኩ እስኪመለስ ድረስ ትከሻውን ስትደባብሰው ቆየች። ከዚያም በጣም ቀስ ብላ፣ “ልጄ፣ በዚያችው ካርድ እኔንም አንዴ” አለችው። ልጁ ወለሉን እያየ፣ “እማማ፣ ካርዱ የተሰጠኝ ለሙከራ ብቻ ነው” አላት። እናቴም፣ “እንግዲያው እኔንም ሞክረኝ” አለችው።

ልጁ ካርዱን አንሥቶ ማሽኗን ነካትና እናቴን ሞከራት። ሲያበቃ ግዴታው ነውና ማሽኗን በወፍራም ብሎን አሰራት፤ ምርመራው እስኪያልቅ ለማንም እንዳትከፈት አድርጎ ዘጋት፤ “የሆነውን ሁሉ እኔው ራሴ ሪፖርት አደርጋለሁ” አለንና ዓይናችንን ሳያይ ወጣ። እኔም ይህን በግልጽ የምጽፈው እሱ ራሱ አስቀድሞ እንደነገራችሁ በማመን ነው። ልጁን እንዳትቀጡብን በእናቴ ስም እለምናለሁ፤ በጽሕፈት ቤታችሁ ውስጥ ደንቡን በሳንባው ያነበበ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እነሆ አሁን ማሽኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አለች። ጋሽ ፍሬን ከሰዓት በኋላ ከፊቷ ወንበር ስበው ይቀመጡና እንደ ሥዕል ያዩዋታል። እናቴ ቧንቧውን መምታት ትታለች። የክሊኒኩ ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ፣ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ካላገኘች አንዱን ቀን ክሊኒኩ ሳንደርስ መንገድ ላይ እንደምንቀር ነግሮኛል። እሷ ይህን አልሰማችም። እርስዎ ግን አሁን ሰሙ።

ስለዚህ የተከበሩ ሆይ፣ ደንቡ ይሻር ብዬ አልደፍርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ገመድ ሳቢ አይጠበቅም። የምለምነው እናቴና ጋሽ ፍሬን ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በሙከራ ላይ ያሉ ሰዎች ተብለው እንዲመዘገቡ፣ ማሽኗም ከብሎኗ ተፈትታ ለሁለቱም እንድትከፈት፣ በደንቡ ውስጥም “ድሮን” ከሚለው ቃል ቀጥሎ “ቅርጫትን አይጨምርም” የሚሉ ሁለት ቃላት እንዲገቡ ብቻ ነው። ሁለት ቃል ለመጨመር ስብሰባ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ስብሰባው በእኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዲደረግ ቤቴን በደስታ አዘጋጃለሁ። ሊፍቱ እያጣራ ስለሆነ በደረጃ ይምጡ።

ከፍ ያለ አክብሮቴን፣ ከዚያም ከፍ ያለ ትዕግሥቴን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ እስካሁን ያልተቆለፈውን የገዛ ትንፋሼን በእግርዎ ሥር እያኖርኩ፣ ለእርስዎና ለስክሪኖችዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
ያልተመዘገበ ገመድ ሳቢ፣
የአብራሪዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ተቆጣጣሪው የሙከራውን ውጤት በሪፖርቱ ላይ ሳይጠቅስ ቀርቶ እንደሆነ፣ በቦታው የነበርኩ እኔ ልግለጽልዎ፤ ማሽኗ ስትከፈት እናቴ ተነፈሰች፣ ስትዘጋ ማፏጨት ጀመረች። ውጤቱ ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልገው ከመሰለዎ ግን፣ አፍና አፍንጫዎን በእጅዎ ግጥም አድርገው ይያዙና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጀምረው ደግመው ያንብቡልኝ። ማስረዘሜ ለዚሁ ነው።